ከሕሙምነት ወደ ረዳትነት፤ የአእምሮ ሕሙማን ለአቻዎቻቸው የሰጡት አገልግሎት አጭር ታሪክ

በሕክምና ታሪክ ውስጥ ሐኪሙ ስም አለው፤ ሕሙሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ዕድሜው፣ ጾታውና የሕመሙ ዓይነት በመዝገብ ይሰፍራል፤ ከዳነም ‹‹ድኖ ወጣ›› ተብሎ ይጻፍና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ከወጣ በኋላ ምን እንደ ሠራ፣ ያሳለፈው መከራ ለማን እንደ ጠቀመ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህም በልዩ ልዩ አገሮች የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሆስፒታልና በጤና ድርጅት ተቀጥረው ሌሎች ሕሙማንን እንደሚደግፉ ስንሰማ፣ ብዙዎቻችን ነገሩን የዘመኑ አዲስ ፈጠራ አድርገን እንገምተዋለን።

ታሪኩ ሲመረመር ግን ነገሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቈጠረ ሆኖ ይገኛል። በነዚህ ዓመታት ውስጥ አሳቡ ብዙ ጊዜ ተጀምሯል፤ ብዙ ጊዜም ተረስቷል። ለምን ተጀመረ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሩቅ አይደለም። ለምን ተረሳ የሚለው ግን ለእኛ ለባለሙያዎች የበለጠ ይከብዳል፤ መልሱ በከፊል የሚገኘው በእኛው ደጃፍ ነውና። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ሁለተኛ ጥያቄ ይዞ ታሪኩን ባጭሩ ለመከተል ይሞክራል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ይገባል። ‹‹የአቻ ድጋፍ ሰጪ›› የምንለው ሰው በአእምሮ ሕመም ያለፈ፣ ወይም ሕመሙ ዛሬም ባይለቀው ከሕመሙ ጋር መኖርን የተማረ፣ ይህንኑ ልምዱንም ሌላውን ለመርዳት በሥራነት የያዘ ሰው ነው። መድኃኒት አያዝም፤ ሕመም አይመረምርም፤ እንደ ዘመድም በሥጋ ዝምድና ተገዶ አያስታምም። ከሌሎቻችን የሚለየው ‹‹እኔም በዚህ መንገድ አልፌአለሁ›› ብሎ በእውነት ለመናገር መቻሉ ነው።

የቢሴትር አስታማሚዎች

ከፓሪስ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ቢሴትር በ18ኛው መቶ ዓመት ሆስፒታልም፣ እስር ቤትም፣ የድኾች መጠለያም ነበር። የአእምሮ ሕሙማን በዚያ ከወንጀለኛውና ከለማኙ ጋር በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር፤ ብዙዎቹም በሰንሰለት የታሰሩ ነበሩ። በ1771 ዣን ባፕቲስት ፒዩሳን የሚባል ቆዳ ፋቂ በሕመም ምክንያት ወደዚህ ግቢ ገባ። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ቆዳ ፋቂ በምን ዓይን ይታይ እንደ ነበር የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ሰው የኋላ ታሪክ በተለየ ስሜት ይከታተለው ይሆናል።

ፒዩሳን የታመመው የአንገት ዕጢ ነቀርሳ ነበር። አንዳንድ ጸሐፊዎች የአእምሮ ሕሙም እንደ ነበረ አድርገው ቢያቀርቡትም ይህ ስሕተት ነው። ሆኖም በዚያ ግቢ በሕሙምነት ተኝቷል፤ የጠባቂዎችን ጭካኔም ከላይ ሆኖ ሳይሆን ከሥር ሆኖ አይቷል። ከዳነ በኋላ ከግቢው ሳይወጣ በዚያው ሥራ ያዘ፤ በ1780ዎቹ አጋማሽም የአእምሮ ሕሙማን ክፍል የበላይ ኀላፊ ሆነ። ከባለቤቱ ከማርጌሪት ጁብሊን ጋር በመሆን ክፍሉን ሲያስተዳድር ጠባቂዎች ሕሙማንን እንዳይመቱ ከለከለ፤ የያንዳንዱን ሕሙም ጠባይና የሕመሙን አካሄድ በቅርብ እየተከታተለ ይመዘግብ ነበር።

ታዋቂው ሐኪም ፊሊፕ ፒኔል ወደ ቢሴትር በሐኪምነት የመጣው በ1793 ነው። ፒኔል ዕውቀት የነበረው ሰው ነው፤ ከዕውቀቱ በላይ ግን የሚያስመሰግነው ትሕትናው ነው። የሕክምና ትምህርት ካልነበረው ከፒዩሳን አጠገብ ቆሞ ይጠይቅ፣ ያይ፣ ይጽፍ ነበር። ካያቸው ነገሮች አንዱ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ይሆነናል። ፒዩሳን ሕሙማንን የሚያስታምሙ ሠራተኞችን የሚመርጠው በተቻለው መጠን ከሕመማቸው ካገገሙት ከራሳቸው ከሕሙማኑ መካከል ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በሰንሰለት ታስሮ የተመታ ሰው ያንን በሌላው ላይ ለመፈጸም ልቡ አይፈቅድለትም፤ ሕሙሙ ሲጮኽም ጩኸቱን እንደ ድፍረት ቈጥሮ አይቈጣም። ፒኔል በ1801 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን አሠራር በምስጋና አንሥቶታል፤ የፒዩሳንንም ውለታ አልደበቀም።

ኋላ የመጣው ትውልድ ግን ደበቀው። በቢሴትር ሰንሰለቱ የተፈታው በ1797 በፒዩሳን ትእዛዝ ሲሆን፣ ፒኔል በዚያን ጊዜ ወደ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ከተዛወረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ይሁን እንጂ በ1849 ሻርል ሉዊ ሙለር የሚባል ሠዓሊ በሣለው ታላቅ ሥዕል ላይ በቢሴትር ቆሞ ሰንሰለት የሚያስፈታው ፒኔል ነው። ከዚያ ወዲህ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚነገረው ይኸው ሆነ። ሐኪሙ ታወቀ፤ ቆዳ ፋቂው በግርጌ ማስታወሻ ቀረ፤ ከሕመማቸው ተነሥተው ሌሎችን ያስታመሙት ሰዎች ደግሞ በስም ሲጠሩ እንኳ አናይም። አሠራሩ በደንብ ያልተጻፈ፣ በአንድ ኀላፊ በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ስለ ነበረ፣ ኀላፊው በ1811 ሲሞት ትውስታው አብሮት ደበዘዘ። ይህ የመጀመሪያው መረሳት ነው።

በግንቡ ውስጥ የተሰማ ድምፅ

በ19ኛው መቶ ዓመት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች በአውሮፓና በአሜሪካ በብዛት ተሠሩ። ከነዚህ ግንቦች ውስጥ ወጥተው ስለሌሎች የተናገሩ ሰዎችም ተነሡ። በእንግሊዝ አገር በ1812 በሰው እጅ የተገደለው የጠቅላይ ሚኒስትር ስፔንሰር ፐርሲቫል ልጅ ጆን ፐርሲቫል ከ1831 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል በሁለት የግል የአእምሮ ሕሙማን ቤቶች ተይዞ ቆየ። ሲወጣ ያየውን በሁለት መጻሕፍት፣ በ1838 እና በ1840፣ አሳተመ። ታምሞ እንደ ነበረ አልካደም፤ የከሰሰው በሕመሙ ጊዜ የተደረገበትን ነው። በ1845 ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ‹‹ዕብድ ናቸው የተባሉ ሰዎች ወዳጆች ማኅበር›› ተብሎ ሊተረጐም የሚችል ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ በግፍ የተያዙትን ይጠይቅ፣ ለፓርላማ አቤቱታ ያቀርብ፣ በፍርድ ቤትም ይከራከርላቸው ነበር። እዚህ ላይ የቀድሞው ሕሙም አስታማሚ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ጠበቃም ሆነ።

በአሜሪካ ደግሞ ክሊፈርድ ቢርስ የተባለ የዬል ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከ1900 እስከ 1903 በሦስት የአእምሮ ሆስፒታሎች ተኝቶ ወጣ። በ1908 ‹‹ራሱን ያገኘ አእምሮ›› የሚል ትርጕም ያለውን የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በዚያው ዓመት በኮኔቲከት፣ በ1909 ደግሞ በመላው አገሪቱ የአእምሮ ጤና አጠባበቅ ማኅበር አቋቋመ። ታላቁ የአእምሮ ሐኪም አዶልፍ ማየር ደገፈው፤ ፈላስፋው ዊሊያም ጄምስም ለመጽሐፉ የድጋፍ ቃል ጻፈለት።

የቢርስ ሥራ ለሙያችን ያደረገው አስተዋጽኦ ከፍ ያለ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ማኅበሩ እያደገ ሲሄድ በሐኪሞችና በታወቁ ሰዎች ተሞላ፤ ዓላማውም በሆስፒታል ከተኙት ይልቅ ገና ያልታመሙትን ወደ መጠበቅ አዘነበለ። ሕሙማን የነበሩ ሰዎች በማኅበሩ ውስጥ ራሳቸውን ችለው የተደራጁበት ክፍል አልነበረም። መሥራቹ ሕሙም በመሆኑ የከበረ ማኅበር ለሌሎች ሕሙማን ወንበር አላዘጋጀም። ቢርስ ራሱ በ1939 ሕመሙ አገርሽቶበት ሆስፒታል ገባ፤ በ1943ም በዚያው ዐረፈ። ይህ ሁለተኛው መረሳት ነው፤ የተረሳውም በሽንፈት ሳይሆን በስኬት መካከል ነው።

ከሆስፒታል እስከ ፋውንቴን ሐውስ

በ1920ዎቹ በባልቲሞር አጠገብ በሚገኘው ሼፐርድ ኤንድ ኢኖክ ፕራት ሆስፒታል ሐሪ ስታክ ሱሊቫን የተባለው ሐኪም ስኪዞፍሬንያ ለያዛቸው ወጣቶች የተለየ ክፍል አደራጀ። ሱሊቫን የክፍሉን ሠራተኞች የሚመርጠው በዲግሪያቸው አልነበረም፤ ከሕሙማኑ ጋር በሰውነት መግባባት መቻላቸውን ያይ ነበር። ስለዚህም ከሕመማቸው ያገገሙ ሰዎችን ጭምር በረዳትነት አሠራ። አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሞ ቆዳ ፋቂው የደረሰበትን ነገር ሐኪሙ እንደገና አገኘው ማለት ነው። ነገር ግን ይህም በአንድ ሰው ጥረት ላይ የቆመ ነበርና በ1930 ሱሊቫን ሆስፒታሉን ሲለቅ ሥር ሳይሰድ ቀረ።

ከሆስፒታሉ ውጭ ደግሞ ሌላ መንገድ ተከፈተ። በ1935 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በአክሮን ከተማ ሁለት የመጠጥ ሱሰኞች፣ ማለትም ቢል ዊልሰንና ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ፣ አንዱ ሌላውን ከመጠጥ በመጠበቅ ራሱን ሊጠብቅ እንደሚችል ተረዱ። ከዚህ የተወለደው ማኅበር በብዙ አገሮች ተስፋፋ። በ1937 በቺካጎ አብርሃም ሎው የተባለ ሐኪም ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማን በቡድን እየተሰበሰቡ ፍርሃታቸውንና የሕመማቸውን ምልክት መቈጣጠር የሚለማመዱበትን ማኅበር አቋቋመ፤ በኋለኛ ዘመኑም አመራሩን ለራሳቸው ለሕሙማኑ አስረከበ።

በ1940ዎቹ ደግሞ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሮክላንድ ሆስፒታል የተኙ ጥቂት ሕሙማን ከወጡ በኋላም እንዳይለያዩ ተማምለው ‹‹ብቻችንን አይደለንም›› የሚል ስም ያለው ቡድን መሠረቱ። በ1948 በጎ አድራጊዎች በኒው ዮርክ ከተማ ቤት ገዙላቸው። በቤቱ ጓሮ ውሃ ሽቅብ የሚፈልቅበት ጌጥ ስለ ነበረ ‹‹ፋውንቴን ሐውስ›› ተባለ። በዚያ ቤት የሚመጣው ሰው ‹‹አባል›› እንጂ ‹‹ሕሙም›› አይባልም፤ ምግብ በማዘጋጀት፣ ደብዳቤ በመጻፍ፣ እንግዳ በመቀበል ከሠራተኞቹ ጋር እኩል ይሠራል። ይህ አሠራር ኋላ በብዙ አገሮች ምሳሌ ሆነ።

እነዚህ ማኅበራት የብዙዎችን ሕይወት እንደ ታደጉ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ በሁሉም ዘንድ አባሉ ለአባል የሚሰጠው እርዳታ የወዳጅነት ግብር ተደርጎ ይቈጠር ነበር፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ሊሆን ይችላል ብሎ የገመተ አልነበረም።

ከተቃውሞ ወደ ደመወዝ

በ1955 በአሜሪካ የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ 559,000 ያህል ሰዎች ተኝተው ነበር። በ1980 ቍጥሩ ከ140,000 በታች ወርዷል። አዳዲስ መድኃኒቶች፣ የሆስፒታሎቹ ወጪ መናርና የሕዝብ አስተያየት መለወጥ ተደማምረው ግንቦቹን አፈረሱ። ለወጡት ሰዎች ግን በየሰፈሩ በቂ መጠለያና ሕክምና አልተዘጋጀም ነበር። ብዙዎች ከሆስፒታል ወጥተው ጎዳና ላይ ወደቁ።

ዘመኑ የጥቁሮች የሲቪል መብት ትግልና የሴቶች እንቅስቃሴ የተፋፋመበት ስለ ነበረ፣ የቀድሞ ሕሙማንም በዚሁ መንፈስ ተነሡ። በ1971 በቦስተን የአእምሮ ሕሙማን ነጻነት ግንባር፣ በዚያው ዓመት በካናዳ በቫንኩቨር የአእምሮ ሕሙማን ማኅበር ተቋቋሙ። በቦስተኑ እንቅስቃሴ የታወቀችው ጁዲ ቻምበርሊን በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ ሕሙማን በራሳቸው የሚያስተዳድሩት፣ ባለሙያ አዛዥ የማይሆንበት አገልግሎት ሊኖር እንደሚገባ ተከራከረች። ቃሏ ለባለሙያ የሚጣፍጥ አልነበረም። አስገድዶ መያዝንና አስገድዶ ማከምን ነቀፈች፤ የእኛን በጎ አሳብ ብቻ ማስረጃ አድርጋ አልተቀበለችም። ሆኖም ዛሬ ከሕሙማን ጋር የምንነጋገርበት ቋንቋ በብዙው የተቃናው በእንዲህ ዓይነቱ ወቀሳ ነው።

ከዚህ ተቃውሞ ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር ወጣ። በ1986 በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በዴንቨር ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሠልጥነው ሕሙማንን በየቤታቸው ለሚከታተሉት ባለሙያዎች በረዳትነት መቀጠር ጀመሩ። ሥራቸው ቀጠሮ ማስታወስ፣ ወደ መሥሪያ ቤት አብሮ መሄድ፣ ቤት ማፈላለግ፣ ከሁሉም በላይ መጥፎ ቀን የመጣበትን ሰው ብቻውን አለመተው ነበር።

ወሳኙ እርምጃ የተወሰደው በ1999 ነው። የጆርጂያ ክፍለ ግዛት የአቻ ድጋፍን ሜዲኬይድ በሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ወጪው የሚሸፈን ራሱን የቻለ አገልግሎት አደረገው፤ ብዙም ሳይቈይ ለሠራተኞቹ ሥልጠናና የምስክር ወረቀት አዘጋጀ። በ2007 የአገሪቱ የሜዲኬይድ መሥሪያ ቤት ለየክፍለ ግዛቱ በጻፈው ደብዳቤ ይህን አገልግሎት ተቀብሎ ሦስት ነገሮች እንዲሟሉ አዘዘ። እነሱም ሠራተኛው በባለሙያ ክትትል ሥር እንዲሠራ፣ አገልግሎቱ ከሕሙሙ አጠቃላይ የእንክብካቤ ዕቅድ ጋር እንዲያያዝ፣ ሠራተኛው ሠልጥኖ የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ የሚሉ ናቸው።

የደብዳቤው ቋንቋ ደረቅ የቢሮ ቋንቋ ነው። ለታሪካችን ግን ትልቅ ቁም ነገር አለው። ከፒዩሳን እስከ ሱሊቫን ድረስ አሳቡ የጠፋው የሥራ መደብ፣ የበጀት አንቀጽና የማሠልጠኛ ሥርዓት ስላልነበረው ነው። በጎ ሰው ሲሄድ በጎ ሥራው አብሮት ይሄዳል፤ መደብ ግን ሰው ሲለወጥም ይቈያል። አገልግሎቱ ከ2007 በኋላ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የተስፋፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሚዛን ሲቀመጥ

ባለሙያ የሆነ አንባቢ ‹‹ውጤቱስ?›› ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። በ1995 በፊላዴልፊያ የተደረገ ጥናት 96 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሠራተኞች፣ ግማሾቹን ሌሎች ሠራተኞች እንዲከታተሏቸው አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። በ2013 የኮክሬን ድርጅት 11 ጥናቶችን፣ በጠቅላላው 2,796 ሰዎችን አጠቃሎ ሲመረምር የደረሰበት ድምዳሜም ከዚህ አልራቀም፤ በሕሙሙ ሁኔታ ላይ ያለው ውጤት ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ተቀራራቢ ሲሆን፣ የአስቸኳይ አገልግሎትን ፍላጎት በጥቂቱ እንደሚቀንስ ታየ።

ይህን ውጤት አንዳንዱ እንደ ድክመት ያየዋል። ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ እንመልከተው። ሥራ ሊይዝ አይችልም፣ ኀላፊነት አይጣልበትም እየተባለ የኖረ ሰው ከሠለጠነ ሠራተኛ ጋር ተመሳሳይ ውጤት ካስገኘ፣ የፈረሰው ግምት ቀላል አይደለም።

በ2018 በእንግሊዝ የወጣው ጥናት ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። ጥናቱ 441 ሰዎችን ያካተተ ነበር፤ ሁሉም ከከባድ የሕመም ወቅት በኋላ ከአስቸኳይ የአእምሮ ሕክምና ቡድን የተሰናበቱ ናቸው። ለሁሉም ራስን ስለ መጠበቅ የተዘጋጀ አንድ ዓይነት የመልመጃ መጽሐፍ ተሰጠ። ለግማሾቹ መጽሐፉ በፖስታ ብቻ ተላከላቸው፤ ለቀሩት ግን የአቻ ድጋፍ ሰጪ እስከ አሥር ጊዜ እየተገናኘ አብሮ ሠራው። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አስቸኳይ ሕክምና የተመለሱት ከመጀመሪያዎቹ 38 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 29 በመቶ ሆኑ። መጽሐፉ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው መጽሐፉን ይዞ የመጣው ሰው ነው።

በሥራው ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮች

ታሪኩን በውዳሴ ብቻ መጨረስ ለማንም አይበጅም። አሠራሩ በተዘረጋባቸው አገሮች ሁሉ ተደጋግመው የታዩ ችግሮች አሉ።

አንደኛው የሥራው ድንበር ግልጽ አለመሆን ነው። የአቻ ድጋፍ ሰጪው ምን እንዲሠራ እንደ ተቀጠረ ሳይነገረው ሲቀር፣ ወይ ፋይል ተሸካሚና ሻይ አቅራቢ ይሆናል፤ ወይ ደግሞ ትንሽ ነርስ ሊሆን ይሞክራል። በሁለቱም መንገድ ልምዱ ይባክናል። ሁለተኛው የባልደረቦች አቀባበል ነው። ትናንት በሕሙምነት የሚያውቁት ሰው ዛሬ በስብሰባ ላይ አብሯቸው ሲቀመጥ አንዳንድ ባለሙያዎች ይከብዳቸዋል። ሲደክመው ‹‹አገረሸበት›› ይባላል፤ ሲቈጣ ቍጣው ምልክት ተብሎ ይመዘገባል። ማናችንም ብንደክም ደክሞን እንጂ ታመን አይባልም። ሦስተኛው ክፍያ ነው። በጎ ፈቃደኝነት ክቡር ነገር ቢሆንም፣ ከሌላው ሠራተኛ ጋር እኩል ሰዓት እየሠራ የትራንስፖርት ገንዘብ ብቻ የሚቀበል ሰው ክብሩ ተጠብቋል ማለት አይቻልም።

አራተኛውና ጥልቁ ችግር ምስጢርን የመግለጥ ጉዳይ ነው። ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› ይላሉ አባቶቻችን። የአቻ ድጋፍ ሰጪ ግን በሽታውን የማይደብቀው ለራሱ መድኃኒት ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ ሥራው ራሱ መናገርን ይጠይቀዋል። ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም። በትዳር፣ በኪራይ ቤት፣ በልጆቹ ትምህርት ቤት የሚያስከትልበትን እሱ ብቻ ያውቀዋል። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚናገር የሚወስነው ራሱ ሊሆን ይገባል፤ አሠሪው ታሪኩን እንደ ማስታወቂያ ሊጠቀምበት መብት የለውም። ሕመሙ ቢያገረሽበትም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ወስዶ ወደ መደቡ ሊመለስ ይገባዋል።

ወደ አህጉራችንና ወደ አገራችን

አሳቡ ለሀብታም አገሮች ብቻ የተፈጠረ አለመሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዩጋንዳ በካምፓላ በሚገኘው በቡታቢካ ብሔራዊ የአእምሮ ሆስፒታል ከ2012 ገደማ ጀምሮ ከሕመማቸው ያገገሙ ሰዎች ሠልጥነው ከሆስፒታል የሚወጡ ሕሙማንን በየቤታቸው እየሄዱ ይደግፉ ነበር። በ2018 የተጀመረ ዓለም አቀፍ የምርምር ፕሮግራምም ካምፓላን፣ ዳሬ ሰላምን፣ የሕንድን ፑኔን፣ የእስራኤልን ቤር ሼባንና የጀርመን ከተሞችን አንድ ላይ አያይዞ ይኸው አገልግሎት በሀብትም በባህልም በተለያዩ አገሮች እንዴት ሊሠራ እንደሚችል መርምሯል።

በአገራችን ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ማለት ነበር። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና በ1987፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና በ2003 መጀመሩ ታላቅ እርምጃ ነበር። ይሁንና በቡታጅራና በአካባቢው ለዓመታት የተካሄደው ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው የገጠር ነዋሪዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። በሶዶ ወረዳ ተካሂዶ በ2022 ውጤቱ የታተመው ጥናት ደግሞ ከዚያው አካባቢ ተመልምለው የሠለጠኑ፣ ጤና ባለሙያ ያልሆኑ ሠራተኞች ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄዱ ሲደግፉ፣ በጤና ጣቢያው ሕክምና ላይ ተጨማሪ ጥቅም እንደሚገኝ አመልክቷል። እነዚያ ሠራተኞች የተመረጡት በሕመም ልምዳቸው አልነበረም። ሆኖም በሰፈር ውስጥ የሚሠራ፣ የሚከፈለው፣ ክትትል የሚደረግለት ደጋፊ በአገራችን ሁኔታ ሊሠራ እንደሚችል ታይቷል። የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎችም የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ድምፃቸውን ማሰማት ጀምረዋል።

ከዚህም ሌላ አገራችን በዚህ መንገድ ላይ እንግዳ አይደለችም። በ2005 የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር ሐኪሙና ነርሱ ብቻቸውን ሊወጡት ያልቻሉት ሥራ ነበር። ያን ጊዜ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በየሆስፒታሉ ተቀጥረው መድኃኒት የጀመረውን ሰው ሲያበረታቱ፣ ቀጠሮ ያለፈበትን በየቤቱ ሲፈልጉ፣ ‹‹እኔም እወስደዋለሁ፤ ይኸው አለሁ›› ሲሉ አይተናል። መገለሉ ከዛሬው የአእምሮ ሕመም መገለል ያላነሰ ነበር። ሥራው ግን ተሠርቷል።

በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሠራ ባልደረባ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከምርመራው ክፍል ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ሕሙማን እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። አዲስ የመጣው ‹‹ይኼ መድኃኒት እንቅልፍ ይጥላል ወይ?›› ብሎ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ እኛን አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ነው። ያም ሰው የሚያውቀውን ይነግረዋል፤ አንዳንዴ በትክክል፣ አንዳንዴም በስሕተት። እንግዲህ የአቻ ድጋፍ ዛሬም በየአግዳሚው ላይ አለ። የሌለው ሥልጠናው፣ ደመወዙና ስሙ ነው።

በቢሴትር ግቢ ሕሙማንን ያስታመሙት ሰዎች በስም አልተጠሩም ብለናል። ያን ጊዜ ስማቸውን ሊመዘግብ ይገባው የነበረው እስክሪብቶ በሐኪሙና በአስተዳዳሪው እጅ ነበር። ዛሬ የሥራ መደብ ጥያቄ ሲዘጋጅ፣ የሥልጠና መርሐ ግብር ሲነደፍ፣ የበጀት ረቂቅ ሲቀርብ እስክሪብቶው ያለው በእኛ በማኅበሩ አባላት እጅ ነው። ሦስተኛው መረሳት በእኛ ዘመን እንዳይደርስ፣ ከሕመም ተነሥቶ ሌላውን ለማንሣት የሚመጣውን ሰው ስሙን ከሕሙማን መዝገብ ወደ ሠራተኞች መዝገብ ማሻገር የሙያችን ግዴታ መሆኑን በማሰብ ጽሑፋችንን እንደመድማለን።